የኮምፒዩተር ፕሮግራም ምንድን ነው? ከመተማ ዮሐንስ በተወሰዱ ምሳሌዎች ለጀማሪዎች የቀረበ ትምህርት



በመኝታ ቤትና በምግብ አዳራሽ ስለ ኮምፒዩተር ብዙ ይወራል። ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሣሪያው ዋጋና ፍጥነት እንጂ መሣሪያውን ስለሚያዘው ትእዛዝ አይደለም። ከጓደኞቻችን መካከል «ፕሮግራም መጻፍ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሥራ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚሉ አሉ። «ኮምፒዩተር የለኝም፤ ስለዚህ ልማር አልችልም» የሚሉም አሉ። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ሁለቱም አስተያየቶች የተሳሳቱ መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ትምህርቱን ለመከታተል የሚያስፈልገው እርሳስ፣ አንድ ቅጠል ወረቀትና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው።

ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው ከመተማ ዮሐንስ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ ምዕራብ ቆላ የወረደ መንገደኛ በመጨረሻ የሚደርሰው እዚያ ነው። ከከተማው ማዶ የሱዳን ከተማ ገላባት አለች። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚያፈራ አገር ስለ ሆነ በመተማ ሚዛን ሥራ አይፈታም። በዚያው ድንበር ላይ ሁለት ዓይነት የዘመን አቈጣጠርና ሁለት ዓይነት የሰዓት አቈጣጠር ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እንግዲህ የሚመዘን፣ የሚደመርና ከአንዱ አቈጣጠር ወደ ሌላው የሚለወጥ ነገር ባለበት ሁሉ ለፕሮግራም ትምህርት የሚሆን ምሳሌ አይጠፋም።

ሀ. ትእዛዝና ታዛዥ

አንድ ነጋዴ ልጁን «ሂድና ያንን ሰሊጥ አስመዝነህ ስንት እንደ ሆነ ንገረኝ» ቢለው ልጁ ሥራውን ፈጽሞ ይመለሳል። ነጋዴው «ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አስመዝን፤ የተመዘነውን ደግመህ አታስመዝን፤ ሲያልቁ አቁም» ብሎ አይዘረዝርለትም። ልጁ ይህን በራሱ ያውቀዋልና።

ኮምፒዩተር ግን ይህን ልጅ አይመስልም። የታዘዘውን ብቻ፣ በታዘዘው ቅደም ተከተል፣ ሳይታክትና ሳይጠይቅ ይፈጽማል። ያልታዘዘውን አይጨምርም፤ የተሳሳተውንም ትእዛዝ አያርምም። ስለዚህ ፕሮግራም ማለት ምንም ለማያውቅ፣ ነገር ግን እጅግ ታማኝና ፈጣን ለሆነ ታዛዥ የተጻፈ ዝርዝር ትእዛዝ ነው። ፕሮግራም መማርም ከሁሉ አስቀድሞ እኛ ሳናስበው የምንሠራውን ሥራ ቈራርጦ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በግልጽ መናገርን መማር ነው።

እንዲህ ያለው የታወቀ መጀመሪያና የታወቀ መጨረሻ ያለው የእርምጃዎች ቅደም ተከተል አልጎሪዝም ይባላል። ስሙ የተገኘው በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ ከነበረው የሒሳብ ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ ስም ነው። ይህም ነገሩ ከኮምፒዩተር መሣሪያ በፊት ብዙ ዘመን የኖረ መሆኑን ያሳያል።

ለ. መያዣና ዙር

አሁን የነጋዴውን ልጅ ሥራ ለኮምፒዩተር እንዘዝ።

1. «ድምር» በተባለው መያዣ ውስጥ 0 ጻፍ።
2. ያልተመዘነ ጆንያ ካለ ወደ 3 እለፍ፤ ከሌለ ወደ 7 ሂድ።
3. አንድ ጆንያ በሚዛን ላይ አውጣ።
4. ሚዛኑ ያሳየውን ኪሎ «ክብደት» በተባለው መያዣ ውስጥ ጻፍ።
5. በ«ድምር» ያለውን ቍጥር በ«ክብደት» ካለው ጋር ደምረህ ውጤቱን መልሰህ በ«ድምር» ጻፍ።
6. ጆንያውን ከተመዘኑት ጋር አኑር፤ ወደ 2 ተመለስ።
7. በ«ድምር» ያለውን ቍጥር ተናገር፤ አቁም።

መያዣ ያልነው ስም ያለው የማስታወሻ ቦታ ነው። ስሙ አይለወጥም፤ በውስጡ ያለው ግን ይለወጣል። ሦስት ጆንያዎች 101፣ 99 እና 100 ኪሎ ቢመዝኑ «ድምር» መጀመሪያ 0፣ ቀጥሎ 101፣ ከዚያ 200፣ በመጨረሻ 300 ይሆናል። አንባቢ ይህን በወረቀቱ ላይ እየጻፈና እየሰረዘ ቢከተል ኮምፒዩተሩ የሚሠራውን ሥራ ራሱ ሠራ ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ፕሮግራም ጸሐፊዎችም የተወሳሰበ ነገር ሲገጥማቸው ይህንኑ ያደርጋሉ።

ከ2 እስከ 6 ያለው እርምጃ ጆንያ እስኪያልቅ ድረስ ይደጋገማል። ይህን ዙር እንለዋለን። የኮምፒዩተር ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለሦስት ጆንያ የጻፍነው ሰባት መስመር ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሦስት ሺህ ጆንያም ይሠራልና።

አሁን አንዳንድ መስመር ብናጠፋ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ከ6ኛው መስመር «ጆንያውን ከተመዘኑት ጋር አኑር» የሚለው ቢቀር ያው ጆንያ ለዘላለም ሲመዘን ይኖራል፤ ድምሩም ያድጋል እንጂ አያልቅም። 1ኛው መስመር ቢቀር ደግሞ የባሰ ነው። የፊተኛው ገበሬ ድምር በመያዣው ውስጥ እንዳለ ስለሚቈይ የኋለኛው ገበሬ ሰሊጥ በእርሱ ላይ ይደመራል። የመጀመሪያው ስሕተት ወዲያው ይታወቃል፤ ሁለተኛው ግን ቍጥር አውጥቶ ዝም ይላል። ቍጥሩም ትክክል ይመስላል። ከጥፋት ሁሉ የሚያስፈራው ትክክል የሚመስለው ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። ሚዛኑ የሚያሳየው የሰሊጡንና የጆንያውን ክብደት በአንድነት ነው። የባዶው ጆንያ ክብደት ይቀነስ ወይስ አይቀነስ? ቢቀነስስ ስንት? ይህን ኮምፒዩተሩ አይወስንም። የሚወስነው ፕሮግራሙን የጻፈው ወይም ያስጻፈው ሰው ነው። አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ግን ገበሬው የሚሰማው «ኮምፒዩተሩ እንዲህ አለ» የሚለውን ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግብይቱ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በድምፅና በእጅ ምልክት ይካሄድ ነበር፤ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ። የቆላው ሰሊጥም በዚሁ ገበያ ከሚሸጡት ምርቶች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ከኮምፒዩተር ርቀናል ብለን የምናስብ ሁሉ የእርሻ ምርታችን ቀድሞን ገብቶበታል።

ሐ. ቍጥርና ትርጕሙ

በመያዣ ውስጥ ያለ ቍጥር ብቻውን ትርጕም የለውም። «3» ቢባል 3 ኪሎ ነው፣ 3 ኩንታል ነው፣ ወይስ 3 ሰዓት?

የመተማ ሰው «ጧት በ3 ሰዓት እንገናኝ» ሲል በአውሮፓውያን አነጋገር 9 ሰዓት ማለቱ ነው። ከ6 ጋር መደመር ብቻ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ሱዳን ከኅዳር ወር 2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ የአገሩን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሷል። ስለዚህ በመተማ 3 ሰዓት ሲሆን በገላባት የግድግዳ ሰዓት የሚያሳየው 9 ሳይሆን 8 ነው። ከዚያ ቀን በፊት የተጻፈና «6 ደምር» የሚል ፕሮግራም እስከ ትናንት ልክ ነበር፤ ሕጉ በተለወጠ ማግስት ግን፣ አንድም ፊደል ሳይለወጥበት፣ ስሕተት ሆነ። ፕሮግራም አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚረሳ ነገር አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

መ. «ከሆነ» የሚለው ቃል

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። ከእነዚህ መካከል ሕፃናት የያዙ ነበሩ። በሱዳን የተጻፈ የልደት ወረቀት የሚይዘው በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ ዘመን ነው። ይህን ወደ እኛ አቈጣጠር የሚለውጥ ፕሮግራም ብንጽፍ ምን ብለን እናዛለን?

እኛ በጥናት ቡድናችን ውስጥ ለመለማመድ ያህል መጀመሪያ የጻፍነው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ከዓመቱ ላይ 8 ቀንስ» የሚል። በጥር፣ በመጋቢትና በሰኔ የተወለዱ የፈጠርናቸውን ልጆች ሰጠነው፤ ሁሉንም በትክክል መለሰ። ደስ ብሎን ልንተወው ስንል አንዲት ጓደኛችን በኦክቶበር 10 ቀን 2010 የተወለደ ልጅ ሰጠችው። ፕሮግራሙ 2002 አለ። እውነተኛው መልስ ግን መስከረም 30 ቀን 2003 ነው። ልጁን አንድ ዓመት አስረጀነው! በወረቀት ላይ የተደረገ ልምምድ ስለ ነበረ ሳቅን። እንዲህ ያለ ስሕተት በእውነተኛ መዝገብ ላይ ቢደርስ ግን ልጁ ትምህርት ቤት የሚገባበትና አካለ መጠን ያደረሰ የሚባልበት ዘመን ሁሉ ይዛነፋል።

ስሕተቱ የመሣሪያው አልነበረም፤ የእኛው ነበር። ዘመን መለወጫችንን ረስተን ነበርና። ስለዚህ ትእዛዙን እንዲህ አረምነው፦

ቀኑ ከአዲስ ዓመታችን በፊት ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንስ፤ ካልሆነ 7 ቀንስ።

«ከሆነ» እና «ካልሆነ» የሚሉት ቃላት ለኮምፒዩተር መንታ መንገድ ያበጁለታል። በአንዱ ሲሄድ ሌላውን ይተዋል። በእነዚህ ሦስት ነገሮች፣ ማለት በቅደም ተከተል፣ በዙርና በ«ከሆነ»፣ ማንኛውንም የስሌት ሥራ ማዘዝ ይቻላል። ትልቁ ፕሮግራም ከትንሹ የሚለየው በብዛት ነው።

ይሁንና አዲስ ዓመታችን መቼ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ከነበረ ግን ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ወደ 12 ይዛወራል። ለምሳሌ 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ይህም ሕግ ቢሆን ከ1900 እስከ 2099 እ.ኤ.አ. ድረስ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ቀኑ ይለወጣል። ፕሮግራም ጸሐፊ የሕጉን ወሰን ከሕጉ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት።

ሠ. አባቶቻችን የጻፉት ፕሮግራም

ለዚህ ሁሉ እንግዳ አይደለንም። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ደብተራ ሳያውቀው የፕሮግራም ተማሪ ነው። ግብአት አለው፤ እርሱም ዓመቱ ነው። የተወሰኑ እርምጃዎች አሉት፤ ማካፈል፣ ቀሪውን መያዝ፣ መደመር። ውጤት አለው፤ እርሱም የበዓሉ ቀን ነው። ይህንንም የሚሠራው ያለ መሣሪያ፣ አንዳንዱም ያለ ወረቀት ነው።

ከባሕረ ሐሳብ አንዱን ክፍል ወስደን በመተማ ታሪክ ላይ እንሞክረው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት የቈሰሉት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነበር፤ በማግስቱም ዐረፉ። ከተማው መተማ ዮሐንስ የሚባለው በእርሳቸው ስም ነው። ቀኑ በሳምንት ውስጥ ምን ቀን ነበር?

1. በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር፤ ዓመተ ዓለም ይገኛል። 5500 ሲደመር 1881፣ 7381።
2. ዓመተ ዓለሙን ለ4 ክፈል፤ ድርሻውን ያዝ። ድርሻው 1845 ነው፤ መጠነ ራብዕ ይባላል። ቀሪው 1 ስለ ሆነ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነበር።
3. ሁለቱን ደምር። 7381 ሲደመር 1845፣ 9226።
4. ለ7 ክፈል፤ ቀሪውን ያዝ። 9226 ለ7 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ 0።
5. ቀሪው 0 ከሆነ መስከረም 1 ሰኞ ነው፤ 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ። ስለዚህ የ1881 ዓ.ም. መስከረም 1 ሰኞ ዋለ።
6. ከመስከረም 1 እስከ ተፈለገው ቀን ያለፉትን ቀኖች ቍጠር። ከመጋቢት በፊት 6 ወሮች አሉ፤ 6 ጊዜ 30፣ 180። ከመጋቢት 1 በፊት በወሩ ውስጥ ያለፈ ቀን የለም።
7. 180ን ለ7 ክፈል፤ ቀሪው 5 ነው። ይህን በ4ኛው እርምጃ ከተገኘው 0 ጋር ደምር፤ 5። ከ6 ከበለጠ 7 ቀንስ።
8. 5 ቅዳሜ ነው።

ስለዚህ የመተማ ጦርነት የተደረገው ቅዳሜ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ያረፉት እሑድ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ከ1 እስከ 5 ያሉትን እርምጃዎች በአንድነት ጠቅልለን «የዘመን መለወጫ ቀን» የሚል ስም ብንሰጣቸው ከዚያ በኋላ ሁሉንም መድገም አያስፈልገንም፤ ስሙን ጠርተን ዓመቱን መስጠት ይበቃል። እንዲህ ያለው ተጠቅልሎ ስም የተሰጠው ሥራ ንዑስ ፕሮግራም ይባላል። አንዱ የጻፈው ለሌላው የሚያገለግለው በዚህ መንገድ ነው።

ረ. መፈተን

ፕሮግራም ተጽፎ ሲያልቅ ገና ግማሹ ሥራ ነው የተሠራው። ቀሪው ግማሽ መልሱን አስቀድመን በምናውቀው ጥያቄ መፈተን ነው። የ2000 ዓ.ም. መስከረም 1 ረቡዕ እንደ ዋለ ብዙዎቻችን ቤተሰቦቻችንን ጠይቀን ልናረጋግጥ እንችላለን። በስሌቱ 7500 ሲደመር 1875፣ 9375 ይሆናል፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ 2ም ረቡዕ ነው። ፈተናውን አለፈ።

ነገር ግን ቀላል ጥያቄ ብቻ የሚጠይቅ ፈታኝ ራሱን ያታልላል። እኛ በጥርና በሰኔ የተወለዱትን ልጆች ብቻ ጠይቀን ልንታለል እንደ ነበረ አይታችኋል። መፈተን የሚገባው ዳርቻው ነው፤ የዓመቱ መጨረሻ፣ የዓመቱ መጀመሪያ፣ አንድም ጆንያ የሌለበት ቀን፣ ጳጉሜን 6። በውጭ አገር የተጻፈና 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም በጳጉሜን የተወለደን ኢትዮጵያዊ የት ያስገባዋል? 13ኛ ወር የሚጻፍበት ቦታ ካልተዘጋጀለት ልጁ ያልተወለደበትን ቀን የልደቱ ቀን አድርጎ ሊኖር ነው። ይህን ያደረገው ጠላት አይደለም፤ ጳጉሜንን የማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቀው ሰው ግን እኛ ነን። እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?

ሰ. በፊደላችን ስለ መጻፍ

«ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለ ሆነ ይከብዳል» የሚል ተቃውሞም እንሰማለን። እውነት ነው፤ የታወቁት የፕሮግራም ቋንቋዎች ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት አሏቸው። ይሁን እንጂ እነዚህ ቃላት በአንድ ቀን የሚጠኑ ናቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ከሦስተኛው እትሙ ጀምሮ መያዣዎችን በፊደላችን ለመሰየም ይፈቅዳል። «ድምር» እና «ክብደት» ብለን የጻፍነውን እንደዚሁ ልንጽፈው እንችላለን ማለት ነው። ከባዱ ነገር ሐሳቡን ቈርጦ ማስቀመጥ ነው፤ እርሱም በአማርኛ ይታሰባል።

ሸ. ለአንባቢ የቀረቡ ጥያቄዎች

አንደኛ፤ የዐድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከላይ ባሉት ስምንት እርምጃዎች የዋለበትን ቀን አግኙ። መልሱ እሑድ ካልወጣ የሳታችሁበትን እርምጃ ፈልጉ።

ሁለተኛ፤ የሰሊጡን ፕሮግራም ከእያንዳንዱ ጆንያ የባዶውን ጆንያ ክብደት እንዲቀንስ አድርጋችሁ ጻፉ። ስንት መስመር ጨመራችሁ? የጨመራችሁት በዙሩ ውስጥ ነው ወይስ ከዙሩ ውጭ? ቦታው ቢሳሳት ለገበሬው ምን ይተርፈዋል?

ሦስተኛ፤ ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ልደቱ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። ዕድሜውን የሚቈጥር ትእዛዝ ጻፉ። ጳጉሜን 6 በሌለችበት ዓመት ዕድሜው በየትኛው ቀን ይጨምር? ይህን ኮምፒዩተሩ አይነግራችሁም፤ ወስናችሁ፣ ምክንያታችሁን ጽፋችሁ፣ ከጓደኛችሁ ጋር ተከራከሩበት።

ይህን ትምህርት ስናቀርብ ሁሉም አንባቢ ፕሮግራም ጸሐፊ ይሁን ማለታችን አይደለም። ነገ ግን ከእኛ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ የመዝገብ ሹም፣ አንዱ የእርሻ ባለሙያ ይሆናል፤ በእያንዳንዱም ጠረጴዛ ላይ «ኮምፒዩተሩ እንዲህ አለ» የሚል ቃል ይመጣል። ያን ጊዜ «ኮምፒዩተሩ ምንም አላለም፤ ያለው ሰው ነው፤ ትእዛዙን አሳዩኝ» ለማለት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። እርሳሳችሁን አንሡ፤ በሰባቱ መስመር ጀምሩ።